ውደቅ እየተባልኩ የዘፈንኩት ብሉዝ

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው እኔን ሲያይ መጀመሪያ ይስቃል፤ ሰላምታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገና ከቤት ወጥቼ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ሳልሻገር ባለጋሪው ፈረሱን ገታ አድርጎ ጥርሱን ያሳየኛል። ባለሱቁ ሚዛኑን እንደያዘ ይስቃል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ልደርስ ገብቼ፣ ሐዘንተኛዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁና አብሬያት ማልቀስ ጀመርኩ። ለካ እየሳቀች ኖሯል።

«ታድለህ! ሰው ማሳቅ እኮ ጸጋ ነው» ይሉኛል። እኔ ግን ሰው ላስቅ ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። የፈለግሁት ሁለት ነገር ነበር፤ መድረክ ላይ ቆሜ እንደ ትልቅ ሰው መናገርና ጊታሬን ይዤ ብሉዝ መዝፈን። ሁለቱንም ሠርቻለሁ። እንደፈለግሁት የሰማኝ ግን አልነበረም።

ጣልያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የባቡር ጥገና ቤት ተቀጠርኩ። አባቴም ከእኔ በፊት እዚያው ፉርጎ ሲያያይዝ የኖረ ሰው ነው፤ ከሸዋ መጥቶ ድሬ የቀረ። እናቴ ኦሮሞ ናት፤ ቀፊራ ገበያ አትክልት ትሸጥ ነበር። በአንድ በኩል የሚጎራበቱን ሱማሌዎች፣ በሌላው በኩል ሐረሪዎች ናቸው። ስለዚህ ወሬ ቤት ውስጥ በአንዱ ቋንቋ ጀምሬ በር ላይ በሌላው እጨርሳለሁ። አማርኛዬ የድሬ አማርኛ ነው፤ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም። ለሥራ አለቃው ለሼፉም፣ ለቄሱም፣ ለሼኩም «አንተ» ነው። ንቀት አይደለም፤ አገሩ እንደዚያ ነው። አባቴ መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፤ በኋላ ሙቀቱን እንደለመደው ይህንንም ለመደው።

በሠራተኛው ክበብ ውስጥ በጃንሆይ ልደትና በሌሎችም በዓላት ቴያትር ይታይ ነበር። የሚጽፈውም የሚያዘጋጀውም አንድ የትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ቀጭን፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ኮቱን የማያወልቅ ሰው። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ሄጄ መተወን እንደምፈልግ ነገርኩት። እንድሞክር አንድ ገጽ ሰጠኝ። ልጁ የሞተችበት አባት ወደ ደጃዝማቹ ቀርቦ ፍትሕ የሚጠይቅበት ቦታ ነው። ድምፄ ወፍራም ነው፤ ቃሉንም ቶሎ ያዝኩት። ስሜቱ ውስጥ ስገባ ግን ምላሴ ወደ ቤቱ ሄደና ደጃዝማቹን፣ «አቦ፣ አንተ ልጅ የለህም?» አልኩት።

መምህሩ በመዳፉ ግንባሩን መታ። «ደጃዝማች ናቸው! አቦ ምንድነው? አንተስ ምንድነው?»

«አዝኛለሁ እኮ። ያዘነ ሰው እርስዎ ይላል?»

«መድረክ ላይ ይላል!» አለኝ።

የአባትየው ቦታ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ ለመጣ አንድ ጸሐፊ ተሰጠ። ለእኔ የደረሰኝ የደጃዝማቹ ዘበኛ ነበር፤ ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ፣ አንድም ቃል የማይናገር ሰካራም። ምንም ቢሆን መድረክ ነው ብዬ ተቀበልኩ። በትዕይንቱ ቀን፣ አባትየው እንባውን እያፈሰሰ ሲናገር፣ አዳራሹ ጭጭ ባለበት ሰዓት፣ የተቀመጥኩበት ወንበር እግሩ ተሰበረና በጀርባዬ ተዘረጋሁ። ኮፍያዬ ተንከባልሎ ሄዶ ደጃዝማቹ እግር ስር አረፈ። ደንግጬ ተነሣሁና ኮፍያውን ላነሣ ስል ደግሜ ወደቅሁ።

እንደዚያ ያለ ሳቅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ከጣሪያው ሥር ያሉት ርግቦች ተነሥተው በረሩ። የክበቡ ሹም እንባውን በመሐረብ እየጠረገ ነበር። አባትየው ንግግሩን መጨረስ አልቻለም። እኔ ጀርባዬን አሞኝ፣ አፍሬ፣ ከመጋረጃው ኋላ ሄጄ ተደበቅሁ። መምህሩ ሲመጣ የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር። አቅፎ ሳመኝ።

«በሚቀጥለው ጊዜ እያወቅህ ውደቅ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በተሠራው ቴያትር ሁሉ ወደቅሁ። ዘበኛ ሆኜ ወደቅሁ፣ አሽከር ሆኜ ወደቅሁ፣ ጣልያን ሆኜ ወደቅሁ። አንድ ጊዜ የጥምቀት በዓል ቴያትር ላይ ካህን ሆኜ እንዳልወድቅ መምህሩን ለመንኩት፤ ጥላ ይዤ እንድወድቅ አደረገኝ። ሰው ከሐረር በመኪና፣ ከአይሻ በባቡር እየመጣ የሚያየው «ወዳቂውን» ነበር። ስሜ ተረሳ።

በዚያው ዘመን ነው ብሉዝ ያገኘሁት።

ድሬ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ መካኒክ ነበረ። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ከአንዲት ግሪክ መበለት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ከተማው በሙቀቱ ጭልጥ ብሎ ሲተኛ፣ እሱ በረንዳው ላይ በዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጊታር ይጫወታል። እኔ ከሥራ ስመለስ በዚያ በኩል አልፋለሁ። የመጀመሪያ ቀን አጥሩ አጠገብ የቆምኩት ላርፍ ብዬ ነበር። ሰውዬው የቢላ ጀርባ ክሩ ላይ ሲያንሸራትት፣ ጊታሩ እንደ ሰው አቃሰተ። እናቴ ብቻዋን ስትሆን የምታንጎራጉረው ነገር አለ፤ ቃሉ ኦሮምኛ ይሁን ሌላ የማይለይ፣ ከአፍንጫዋ የሚወጣ። ልክ እሱን መሰለኝ።

«ግባ» አለኝ። አማርኛ ጥቂት ያውቃል፤ እኔ ከባቡሩ ሥራ የለቃቀምኩት፣ እሱም ትንሽ የሚሰማው ፈረንሳይኛ አለኝ፤ በእጅም በእግርም ተግባባን።

«ይሄ ምን ይባላል?»

«ብሉዝ።»

ሰማያዊ ማለት እንደሆነ፣ ሐዘንም ማለት እንደሆነ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ሐዘን እንዴት ሰማያዊ ይሆናል ብዬ ተከራከርኩት። እኛ ዘንድ እንጉርጉሮ እንደሚባል ነገርኩት። ቃሉን ለማለት ሲሞክር ምላሱ ተጣጠፈና ሁለታችንም ሳቅን።

ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ተማርኩ፤ ከደመወዜ አጠራቅሜም ያገለገለ ጊታር ገዛሁ። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ አንዱን ስንኝ ትለዋለህ፣ ያንኑ ትደግመዋለህ፣ ሦስተኛው መልሱን ያመጣል። ጣቶቼ የመፍቻና የመዶሻ ጣቶች ስለሆኑ ክሩን በጣት መያዙ ከበደኝ፤ ስለዚህ ከጥገና ቤት የተረፈች የቧንቧ ቁራጭ አለስልሼ ትንሿ ጣቴ ላይ አጠለቅሁና በእሷ ማንሸራተት ለመድኩ። አሜሪካዊው ወደ ሌላ አገር ሊዛወር ሲል፣ የሚሄድበትን ቀን እየፈራሁ፣ በአማርኛ የመጀመሪያ ብሉዜን ሠራሁ፦

ባቡሩ ጮኸና ይዟት ነጎደ፣
ባቡሩ ጮኸና ይዟት ነጎደ፣
ልቤን እንደ ሐዲድ ረጋግጦት ሄደ።

ዘፍኜለት ስጨርስ ቃሉን ተርጉምልኝ አለኝ። ተረጎምኩለት። ራሱን ነቀነቀና፣ «ይህን ሰው ፊት ዝፈነው» አለኝ።

መምህሩን ለመንኩት። በሁለት ትዕይንቶች መካከል ዕቃ እስኪቀየር ድረስ ባዶ ጊዜ አለና እሱን ሰጠኝ። ነጭ ሸሚዝ ለበስኩ፣ ጫማዬን አስጠረግሁ። መጋረጃው ፊት ወንበር ተቀምጦልኛል። ጊታሬን ይዤ ብቅ ስል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ደስ አለኝ። ተቀመጥኩ። ወንበሩ ሲንቋቋ አንዱ ከኋላ፣ «መጣ! መጣ!» አለ።

የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈንኩ። ሳቁ። ዝም ብዬ ሁለተኛውን ቀጠልኩ። አንዱን ቃል ስለደገምኩት የረሳሁ መስሏቸው ባሰባቸው። «ልቤን እንደ ሐዲድ» ስል የጥገና ቤት ጓደኞቼ በእጃቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ይንፈራፈራሉ። ከመካከል አንዱ ተነሥቶ፣

«አቦ ውደቅ! ምን ትጠብቃለህ?» ብሎ ጮኸ።

ሌሎቹም ተቀበሉት። «ውደቅ! ውደቅ!» አዳራሹ ሙሉ ነው የሚለው። ተናደድኩና ተነሥቼ፣ «አልወድቅም! ዘፈን ነው! ስሙ!» አልኳቸው። ከዚህ በላይ የሳቁበት ቀን የለም። ንዴቴን ሁሉ ጨዋታ አደረጉት። ጊታሬን በብብቴ ይዤ ወጣሁ።

አሜሪካዊው ከኋላ ተቀምጦ አይቷል። ደጅ አግኝቶኝ ትከሻዬን ያዘ። «እኛ አገርም ይስቃሉ። ስቀው ሲደክማቸው ይሰማሉ። አንተ ቶሎ ወጣህ» አለኝ።

«አንተን አገርህ ሰው ከወንበር ትወድቃለህ ብሎ አይጠብቅም» አልኩት። ዛሬም መልሴ ልክ ነበር እላለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ባቡር ጣቢያው፣ ለገሃር ሄጄ ሸኘሁት፤ በጅቡቲ በኩል ሄደ። ጊታሩን ይዞት ሄዷል፤ ሰው እንደሚያስበው ለእኔ አልተወልኝም።

ከዚያ በኋላ አንድ የአዲስ አበባ የቴያትር ቡድን በድሬ ሲያልፍ አለቃው ስወድቅ አየኝና ወደ ከተማ እንድመጣ ጋበዘኝ። ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። አዲስ አበባ ሰው አያውቀኝም፤ ለእኔ ይህ ገነት ነበር። በመንገድ ስሄድ ማንም አይስቅም! ከንጋት ጀምሮ እስከ ማታ ማንም ያልሳቀብኝ ቀን ያየሁት እዚያ ነው።

ለፈተናው የመረጥኩት ያንኑ የአባትየውን ንግግር ነው። «እርስዎ» የሚለውን ቃል ምላሴ ላይ እስኪጣበቅ ደግሜው ነበር። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። ጀመርኩ፤ ጥሩ ሄደ፤ አንድም «አንተ» አልወጣኝም። ስጨርስ አለቃው ፈገግ ብሎ ጓደኞቹን አያቸው።

«ሰማችሁ? ቃናውን ሰማችሁ? ሐረርጌ ጭልጥ ያለ!» አለ።

«ነጋዴው ላይ ይሆናል» አለ ሁለተኛው።

«የትኛው ነጋዴ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በኮሜዲው ውስጥ ከሐረርጌ የሚመጣ፣ ጫት የሚሸጥ፣ ሁሉንም አንተ የሚል ነጋዴ አለ። ለእሱ የተፈጠርክ ነህ።»

ዘፈንም እንዳለኝ ተናግሬ ጊታሬን አነሣሁ። የሙዚቃ ኃላፊው ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እየመታ ትንሽ ሰማና አስቆመኝ።

«ይህ ምንድነው? ትዝታ ነው እንዳልል አይደለም። አምባሰል አይደለም። የፈረንጅ ነው እንዳልል በአማርኛ ታለቅሳለህ። ወይ የእኛ ይሁን ወይ የነሱ።»

«የእኔ ነው» አልኩት።

«የአንተማ ይሁን፤ እኛ የት እናስገባው?»

ያን ክረምት ነጋዴውን ሆኜ ሠራሁ። የአዲስ አበባ ሰው እኔ «አቦ» ባልኩ ቁጥር ይፈነዳል። በቤቴ ማንም የማይስቅበትን፣ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁትን አነጋገር እያጋነንኩ መሸጥ ሆነብኝ። ከመውደቁ ይልቅ ይህ ጎዳኝ። ክረምቱ ሲወጣ በባቡር ተመለስኩ። አዋሽን አልፈን ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ ልቤ ትንሽ ተከፈተ።

በዚያ ዓመት አገባሁ። ሚስቴ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ሐረሪ፣ ንግግሯ እንደ መቀስ። ወላጆቻችን በሃይማኖቱ ነገር ብዙ ተጨቃጭቀው ሲደክማቸው ተዉት። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ጊታሬን ይዤ ስበሳጭ፣

«አንተ፣ ሰው ሲስቅልህ ታኮርፋለህ። ቢያለቅስልህ ነው ደስ የሚልህ?» አለችኝ።

«አዎ!»

«አላህ ይይልህ። ሰው የሚያለቅስበት አጥቶ አንተን ይጠብቃል?»

ነገሩ አልተዋጠልኝም። የጭነት መኪና የሚነዳ ጓደኛዬ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው መልካ ጀብዱ ሲሄድ ጊታሬን ይዤ አብሬው ተጫንኩ። እዚያ ክበብ የለ፣ ቴያትር የለ፤ ወዳቂውን የሚያውቅ የለም። እሱ ዕቃ ሲያራግፍ እኔ ሻይ ቤቱ አጠገብ ዛፍ ሥር ተቀምጬ መጫወት ጀመርኩ። ገበሬው፣ ግመል ነጂው፣ ሽማግሌው ቀስ እያለ ተሰበሰበ። በአማርኛም በኦሮምኛም እያቀላቀልኩ ዘፈንኩ። ማንም አልሳቀም! እንዲያውም አንገታቸውን ደፉ። አንዲት ሴት በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከደስታዬ የተነሣ ድምፄ ተሰበረ፤ እነሱም ይበልጥ አዘኑ። አገኘሁት፣ ሰሚዬን አገኘሁት አልኩ።

ስጨርስ አንድ ነጭ ጺም ያላቸው ሽማግሌ ተነሥተው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና፣

«ኤኙቱ ስ ጀላ ዱኤ?» አሉኝ። ማን ሞተብህ ማለታቸው ነው።

«ማንም አልሞተብኝም» አልኳቸው በኦሮምኛ።

አላመኑኝም። ሐዘን ጸንቶበት ነው ብለው መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ያዙ፤ የተሰበሰበው ሁሉ አሚን ይላል። አንዷ ወተት ይዛ መጣች። ሌላው፣ «እናቱ ትሆን?» እያለ ይንሾካሾካል። በመጨረሻ ጮክ ብዬ፣ «እናቴ ደኅና ናት! ዘፈን ነው! እንዲሁ ዘፈን ነው!» አልኩ።

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። «ሰው ካልሞተብህ፣ ከብት ካልጠፋብህ፣ በደኅና ቀን ሰው ሰብስበህ የምታስለቅሰን ለምንድነው?» አሉኝ። የምሬን ነው የምላችሁ፣ ተቆጥተው ነበር። ያቺ ሴት የወተቱን ቅል መልሳ ይዛው ሄደች።

በመመለሻው ጓደኛዬ መሪውን እየመታ ስቆ ሊሞት ነበር። ለከተማው ሁሉ አወራው፤ ወሬው ራሱ አንድ ቴያትር ሆነ። መምህሩ ሰምቶ፣ «ይህንን ጽፌ እንሥራው፤ መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ሲቆጣህ ትወድቃለህ» አለኝ። ያን ቀን ነው ክበቡን የተውኩት። የክበቡ ሰዎች ይለምኑኛል ብዬ ጠበቅሁ። አንድ የፉርጎ ቀቢ በቦታዬ ተተካ፤ ከእኔ የተሻለ ይወድቃል አሉ። ሄጄ አየሁት። እውነታቸውን ነው።

እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ከተማው ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዘው በየሆቴሉ የሚጫወቱ ልጆች በዙ። እኔ በበረንዳዬ ላይ ለራሴ እዘፍናለሁ፤ ሚስቴ እንደማትሰማ ሆና ትሰማለች። የሰማችውን ፋብሪካ ይዛው እንደምትሄድ አላወቅሁም ነበር።

ያወቅሁት የአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ልጅ ሰርግ ላይ ነው። ቀን ነው፤ ዳስ ተጥሏል፤ አኮርዲዮን፣ ከበሮና ጊታር ይዘው የሚጫወቱ አሉ። ምሳ በልተን ስንጨርስ የፋብሪካው ሴቶች ተነሥተው እያጨበጨቡ አንድ ዘፈን አወጡ፤ ፈጣን፣ ትከሻ የሚያስነሣ። «ባቡሩ ጮኸና ይዟት ነጎደ» ይላል። ሙሽራዋን ባቡር ወሰዳት እያሉ ነው የሚጨፍሩት! ሦስተኛውን ስንኝ ጥለው በምትኩ ስለ አንድ ጥርሰ ፍንጭት የፋብሪካ ሼፍ የሚያሾፍ አስገብተዋል። ዳሱ ሙሉ ይቀበላል። ልጆች ሳይቀሩ ያውቁታል።

ወደ ሚስቴ ዞርኩ። «ይሄ የእኔ ነው!»

«ፋብሪካ ውስጥ ሳንጎራጉር ለመዱት» አለች። «ቀርፋፋ ነው፣ ከማሽኑ ጋር አይሄድም ብለው አፈጠኑት። ደስ አይልህም?»

ተነሥቼ ወደ ጊታር መቺው ሄድኩ። «ወንድሜ፣ ይህን ዘፈን ማን እንደሠራው ታውቃለህ?»

«የድሮ ነው አቦ። የማንም አይደለም።»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ሐፍረት ተሰማው መሰለኝ ጊታሩን አውልቆ ሰጠኝ። «እንግዲያው እንካ፤ እንደ ራስህ አድርገህ ተጫወተው።»

ተቀበልኩት። እንደሚገባው፣ ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ድንጋይ እያስቀመጥኩ ዘፈንኩት። የሚጨፍሩት መሀል ላይ ቆሙ። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት አላወቁም። ሁለተኛውን ስንኝ ደግሜ ሦስተኛው ላይ ስደርስ የሙሽራዋ እናት ልጇን አይታ ማልቀስ ጀመረች፤ አክስቷም ተከተለቻት። ሚዜው እየተጣደፈ መጣና ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ በትሕትና፣

«ጋሼ፣ ሰርግ ነው እኮ» አለኝ።

ልክ ነው፤ ሰርግ ነው። ጊታሩን መለስኩና ቦታዬ ሄጄ ተቀመጥኩ። ልጁ በፍጥነት ጀመረው፤ ዳሱ ነፍስ ዘራ። ሚስቴ ገብታ ከሴቶቹ ጋር ትከሻዋን ስትመታ አያታለሁ፤ በየመካከሉ ወደ እኔ ጠቀስ ታደርጋለች። የእኔን ሦስተኛ ስንኝ አውጥተው የከተቱት ያ የሼፉ ጥርስ ነገር በመጣ ቁጥር ሰው በሳቅ ያውካካል። በጣም ተናድጄ ነበር። እግሬ ግን ከጠረጴዛው ሥር ምቱን እየተከተለ ይመታል፤ ይህም ጨምሮ አናደደኝ።